ሃይ ግሬድ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ወንድማችን የጋንዳም (የጃፓን የሮቦት ካርቱን ነው) ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሮቦት ገዝቶ በቪዲዮ ሲያሳይ አየሁት። ሳጥኑን ከፍ አድርጎ «ሃይ ግሬድ ነው፣ ከዚህ በላይ የለም!» አለ። ይሄን ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። ዛሬ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ከዚህ በላይ አለ። እንዲያውም በሽ ነው።

ሃይ ግሬድ የጃፓኑ አሻንጉሊት አምራች ባንዳይ ለአንዱ የሞዴል መስመሩ ያወጣው ስም ነው። አብዛኛውን ጊዜ መጠኑ 1/144 ነው። በታሪኩ 18 ሜትር የሚረዝመው አርኤክስ-78-2 ጋንዳም ጠረጴዛችሁ ላይ 12.5 ሴንቲሜትር ሆኖ ይቆማል ማለት ነው። ማስተር ግሬድ የሚባለው ሌላው መስመሩ 1/100 ነው፣ 18 ሴንቲሜትር። ፐርፌክት ግሬድ ደግሞ 1/60፣ 30 ሴንቲሜትር። (144 ከ100 ስለሚበልጥ ሮቦቱም ይበልጣል ብሎ የተከራከረኝ ሰው አለ። የሱ ጉዳይ ሌላ ቀን።) «አብዛኛውን ጊዜ» ያልኩት በምክንያት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዚሁ ስም የወጡ 1/100 ሞዴሎችም አሉ።

ታዲያ «ሃይ» (ከፍተኛ ማለት ነው) ከየት መጣ? አዲስ አበባ ያለውን አዲሱ ገበያን አስቡ። ዛሬ እዚያ ሄዶ «አዲሱ የቱ ጋ ነው?» የሚል ሰው ይሳቅበታል። ስሙ የወጣበት ዘመን አልፏል፣ ታክሲው ግን አሁንም በዚያው ስም ይጠራዋል።

እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የመጀመሪያው የጋንዳም ሞዴል ዋጋው 300 የን ነበር። በሙጫ ይጣበቃል፣ ቀለሙን ራስህ ትቀባለህ፣ ተንበርከክ ብትለው አይሰማህም። በ1990 ሃይ ግሬድ መጣ። ያለ ሙጫ ጠቅ ብሎ ይገጥማል፤ ፕላስቲኩም ቀለሙን ይዞ ነው የሚመጣው። ለዚያ ጊዜ እውነትም «ሃይ» ነበር። ከዚያ በ1995 ማስተር ግሬድ መጥቶ በላዩ ላይ ተቀመጠ። ስሙን ግን ማን ይንካው?

ምሳሌዬን ትንሽ ልግፋው። አዲሱ ገበያ ውስጥ አሮጌ ቤት ይፈርሳል፣ ፎቅ ይቆማል፣ ሰፈሩ ግን ያው አዲሱ ገበያ ነው። በ2015 የወጣው የአርኤክስ-78-2 ሃይ ግሬድ ከ1990ው ጋር የሚጋራው ስሙንና መልኩን ነው፤ ክርኑም ጉልበቱም ሌላ ነው። ስለዚህ «ሃይ ግሬድ ጥሩ ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው «አዲሱ ገበያ ያለው ቤት ጥሩ ነው?» እንዳለኝ ነው። የቱ ቤት? መቼ የተሠራው? ጣሪያው ያፈሳል? (ሮቦት ጣሪያ የለውም፣ እዚህ ጋ ምሳሌዬ አለቀ።)

ወንድማችን ሌላም ነገር ተናግሯል፤ «ፖዝ የሚይዘው ሃይ ግሬድ ስለሆነ ነው» ብሏል። ፖዝ የሚይዘው ትንሽና ቀላል ስለሆነ ነው። ቁመት እጥፍ ሲሆን ክብደት ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል፤ ያን ሁሉ የሚሸከመው ትከሻ ላይ ያለችው መጋጠሚያ ናት። የኔ ፐርፌክት ግሬድ ማታ ጠመንጃውን ደግኖ ይተኛል፣ ጠዋት እጁ ወርዶ አገኘዋለሁ። ትንሹ ወንድሙ ሃይ ግሬዱ ግን ከፋሲካ ጀምሮ እንደደገነ ነው።

ደግሞ የድሮ ሮቦት ሳጥን ሳጥን ስለሚል ቀጥ አድርጋችሁ ካቆማችሁት ለፓስፖርት ፎቶ የቆመ ይመስላል። ወገቡን ትንሽ አዙሩት፣ አንዱን ጉልበት እጠፉት፣ ዓይኑ ወደ ጠመንጃው አቅጣጫ ይይ። ጭኑ አልነሳ ካለ ፊት ለፊት ያሉትን ሁለቱን የወገብ መከለያዎች እዩ። ብዙ ሃይ ግሬዶች ላይ በአንዲት ቀጭን ዘንግ የተያያዙ ናቸው። መሀሏን ብትቆርጧት እያንዳንዱ ለብቻው ይነሳል። በስለት ቀስ ብላችሁ፣ ጣታችሁን ጠብቁ።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። የመስመር ማድመቂያ ቀለም (ሮቦቱ ገላ ላይ የተቀረጹትን ቀጫጭን መስመሮች የሚያጎላው) ስትጠቀሙ ጠበቅ ያለ መጋጠሚያ ውስጥ እንዳይገባ። ኢናሜል የሚባለው የቀለም ዓይነት ከሆነ ማቅጠኛው ውጥረት ያለበትን ፕላስቲክ ይሰነጥቃል። አንድ ቁርጭምጭሚት በዚህ አጥቻለሁ።

የወንድማችን ሮቦት ግን ያምራል፣ አልዋሽም። እግሩን ትንሽ ቢከፍትለት ነበር።