አምስት ፕሮፌሰር ጠርታችሁ አንድ መልስ ሲመጣ፦ ኤአይን በብዙ ሚና ስለማናገር የተሳሳቱ አመለካከቶች

ታናሽ እህቴ ታክሲ ተራ አጠገብ ቁርስ ቤት ልትከፍት አስባ ነበር። ፉል፣ ጨጨብሳ፣ እንቁላል ፍርፍር፣ ማኪያቶ። መጀመሪያ ያማከረችው ስልኳን ነው። «ቁርስ ቤት ብከፍት ያዋጣኛል?» ብላ ስልኳ ላይ ያለውን ኤአይ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን፣ ጠየቀችው። «ድንቅ ሐሳብ ነው!» አላት። ሙገሳው አልጣማትም። ስለዚህ አንድ ቪዲዮ ላይ ያየችውን ዘዴ ሞከረች፤ አምስት ሰው ሆኖ እንዲከራከርላት አዘዘችው። የ30 ዓመት ልምድ ያለው ኢኮኖሚስት፣ የማርኬቲንግ ባለሙያ፣ የቢዝነስ አማካሪ፣ ባለሀብት፣ የሒሳብ ባለሙያ።

አምስቱም ተናገሩ። አምስቱም «ገበያውን አጥኚ፣ ጥራት ላይ አተኩሪ፣ ደንበኛሽን እወቂ» አሏት። ክርክር የለ፣ ምን የለ። የገደል ማሚቶ።

ዘዴው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ እኔም አዘውትሬ እጠቀምበታለሁ። ግን በዙሪያው የሚወራው ብዙው ልክ አይደለም። የእህቴን ቁርስ ቤት ይዤ ላፍታታው።

«አንተ ፕሮፌሰር ነህ ካልኩት እውቀቱ ይጨምራል»

አይጨምርም። ካባ ስላለበሳችሁት አዲስ ነገር አይማርም። የሚለወጠው አነጋገሩና ትኩረቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ አንድ ጥናት ለኤአይ ሞዴሎች (ኤአዩን ለሚያሠሩት ፕሮግራሞች) 162 ዓይነት ሚና እየሰጠ 2,410 የእውቀት ጥያቄዎችን ጠይቋቸዋል። ሚና መስጠቱ በጥቅሉ ሲታይ ሚና ካለመስጠት የተሻለ መልስ አላመጣም።

አደጋውም እዚህ ላይ ነው። የእህቴ «የሒሳብ ባለሙያ» ስለ ሠራተኛ ደመወዝ ስትጠይቀው፣ እስከ 600 ብር ያለው ከግብር ነፃ ነው አላት። የድሮው ሕግ ነው። በ2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ መነሻው 2,000 ብር ሆኗል። ካባው ስሕተቱን አላረመውም፤ እንዲያውም አሳመረው። ያለ ካባ ቢናገር ኖሮ ምናልባት እንጠራጠረው ነበር።

«ሰዉ በበዛ ቁጥር ሐሳቡ ይበዛል»

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንላለን። ተረቱ ግን ስለ ሁለት ሰዎች ነው፤ ባርኔጣ ስለሚቀያይር አንድ ሰው አይደለም። አምስቱ ፕሮፌሰሮች የተቀዱት ከአንድ ማሰሮ ነው። ሐሳባቸው የሚለያየው ማዕረጋቸው ሲለያይ ሳይሆን ጥቅማቸው፣ ኪሳቸውና ሰዓታቸው ሲለያይ ነው።

አምስቱንም አሰናበትናቸው። አልጋ ላይ ቁጭ ብለን በእሷ ስልክ እንዲህ ብለን ጻፍን፦

«አራት ሰው ሁን። አንደኛው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሥራ የሚጀምር የሚኒባስ ረዳት ነው፤ ለቁርስ ከ100 ብር በላይ አያወጣም፤ ቆሞም ቢሆን በአምስት ደቂቃ በልቶ መሄድ ይፈልጋል። ሁለተኛዋ ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንም የምትጾም የቢሮ ሠራተኛ ናት። ሦስተኛዋ እዚያው ደጃፍ ላይ ስምንት ዓመት የጀበና ቡና የሸጠች እናት ናት። አራተኛው የቤቱ አከራይ ነው፤ ሰፈሩ ሲደምቅ ኪራይ መጨመር ያምረዋል። እያንዳንዱ ለየብቻው ይናገር፦ ይህ ቁርስ ቤት ቢከፈት ምን ያገኛል? ምን ያጣል? ባለቤቷን ምን ይጠይቃታል? ምክር የሚባል ነገር እንዳይሰጥ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትናቋት። ኤአይ ምክር ከጀመረ ሁሉም ሰው ተመልሶ አማካሪ ይሆናል። ጥያቄ እንዲጠይቅ ሲገደድ ግን ሚናው ውስጥ ይቆያል።

ቡና ሻጯ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጄ፣ አንቺም ቡና ልታፈዪ ነው?» እህቴ ዝም አለች። ለማኪያቶ ማሽን ብላ እቁብ ልትገባ ነበር። ቡናውን ከሴትየዋ እያስመጣች ብትሸጥስ? ማሽኑም ይቀራል፣ ጠብም አይኖርም።

ቀጥሎ የቢሮ ሠራተኛዋ ጾም ነገር መጣ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ በአብዛኛው በየሳምንቱ አሉ። በእነዚህ ቀናት እንቁላል ፍርፍር ማን ይበላል? ጠዋት እህል የማይቀምስም ሞልቷል፤ ለእሱ ቁርስ ቤቱ እስከ ቀትር ዝግ ማለት ነው። አምስቱ ሊቃውንት ይህን አንድም ጊዜ አላነሱትም።

እውነቱን ለመናገር ጾም የሚለውን ቃል ያመጣው ኤአዩም አይደለም። እኛው ነን የጻፍነው። ሰዎቹን ስንስል «እዚህ ማን ነው የሚበላው?» ብለን ተጠያየቅን፤ ያን ጊዜ ትዝ አለን። ከዘዴው ጥቅም ግማሹ፣ ምናልባትም ከግማሽ በላይ፣ መልሱ ከመምጣቱ በፊት ፕሮምፕቱ፣ ማለትም ለኤአዩ የምንሰጠው ትእዛዝ፣ ሲጻፍ ይገኛል ባይ ነኝ። ከሌላ ሰው የተቀዳ «ምርጥ ፕሮምፕት» ብዙም የማይረዳው ለዚህ ይመስለኛል። አስቦ የጨረሰው ሌላ ሰው ነዋ።

በቁጥሩም አትጨነቁ። ሦስት አራት ይበቃል። እኔ ስሞክር ከአምስተኛው ጀምሮ ያው ነገር በሌላ ድምፅ ይደገማል።

«ብሔር፣ ሃይማኖት፣ ጾታ ብጨምርበት ሰውየው ሕያው ይሆናል»

ሕያው የሚሆነው ሰውየው ሳይሆን የተለመደው ጭፍን አስተያየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ተመራማሪዎች ቻትጂፒቲ ለተባለው ኤአይ የተለያየ ማንነት እየሰጡ ጥያቄ አቀረቡለት። ጥቁር ሰው ሁን ሲባል፣ ጥቁር ስለሆንኩ የሒሳብ እውቀት የሚጠይቀውን ጥያቄ መመለስ አልችልም ያለበት አጋጣሚ ተመዝግቧል። ያው ሞዴል፣ ያው ጥያቄ፤ የተለወጠው መለያው ብቻ። ልብ ብላችሁ ከሆነ እኛም «ኦርቶዶክስ ናት» አላልንም። «ረቡዕና ዓርብን ትጾማለች» ነው ያልነው። የምታደርገውን ጻፉ፤ ምን እንደሆነች አትጻፉ።

«መጨረሻ ላይ መስማማት አለባቸው»

ይህ ከሁሉም በላይ ያናድደኛል። ሰዎቹን በስንት ልፋት ካለያያችሁ በኋላ «አሁን ተስማሙና አንድ መልስ ስጡኝ» ትሉታላችሁ። ኤአይ ደግሞ ለመስማማት ሰበብ አይፈልግም፤ ተጠቃሚን ማስደሰት ይወዳል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 የቻትጂፒቲ ሠሪ ኦፕንኤአይ አንዱን የቻትጂፒቲ ማሻሻያ የመለሰው ሽንገላው ከልክ ስላለፈ ነበር።

የእኛ አገር የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን አንድ ቃል ይዘው «አንድም... አንድም...» እያሉ ፍቺውን ይደረድሩታል። ሁለተኛው ስለመጣ የመጀመሪያው አይጣልም። ድምፅ ተሰጥቶበት አብላጫው አያሸንፍም። ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እኔም ኤአዩን «አታስታርቃቸው፤ የማይስማሙበትን ነጥብ ብቻ ለይተህ አውጣልኝ» እለዋለሁ። አከራዩና እህቴ የማይስማሙበት ነጥብ ግልጽ ነበር፦ ውሉ የስንት ዓመት ይሁን? ወስና የምትፈርመው እሷ ናት እንጂ ኤአዩ አይደለም።

«በእንግሊዝኛ ካልሆነ፣ ካልተከፈለበት አይሠራም»

ግማሽ እውነት ነው። አንድ ሞዴል ብዙ ሰው ሆኖ ከራሱ ጋር እንዲሠራ ያደረገ እ.ኤ.አ. የ2023 ጥናት፣ ጥቅሙን ያገኘው በጊዜው ጠንካራ ከነበረው ሞዴል ከጂፒቲ-4 ነው፤ ደከም ካሉት ከጂፒቲ-3.5 እና ከላማ 2 አላገኘውም። ስለዚህ የሞዴሉ አቅም ለውጥ ያመጣል። አማርኛው ግን ይሠራል፤ ከላይ ያያችሁት ፕሮምፕት በአማርኛ የተጻፈ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ሞዴሎች ጽሑፍን ቆራርጠው ነው የሚያነቡት፤ አማርኛ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ብዙ ቦታ ይቆራረጣል። ኮታው በቁርጥራጭ በሚቆጠርበት አገልግሎት፣ አራት ሰው ረጅም ወሬ ሲያወራ በነፃ የተፈቀደው ቶሎ ያልቃል። ሰዎቹን አንድ በአንድ አናግሯቸው፣ መልሱንም በሦስት ዓረፍተ ነገር ገድቡት።

የዛሬ ምንዛሪ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ጉባኤ አትጥሩ። አንድ መልስ ብቻ ላለው ጥያቄ ሚና ማብዛት ጊዜ ማባከን ነው።

የመጨረሻው ስሕተት የራሴ ነው። የኤአዩን ቡና ሻጭ በጣም ስለወደድኳት «ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት እህቴን። እሷ ግን በማግሥቱ እውነተኛዋ ሴትዮ ጋ ሄዳ ቡና አዘዘች። ሴትየዋ ስለ ማኪያቶም ስለ ፉክክርም አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እህቴ የምትከራየውን ቤት በአገጯ እያሳየች «ክረምት ላይ ጎርፉ እስከዚያ ደረጃ ይገባል፤ የባለፈው ተከራይ ለምን የወጣ መሰለሽ?» አለቻት።

እህቴ አሁን ከመንገዱ ማዶ ያለውን ቤት ኪራይ እየጠየቀች ነው።