«በሁለተኛ ደረጃ የተመዘገበ» መጠጥ ቤት ሲባል ምን ማለት ነው?
በእንግሊዝ ገጠር ያለ አሮጌ መጠጥ ቤት «በሁለተኛ ደረጃ ተመዝግቧል» ሲባል ዝቅ ተደርጎ የተገመተ ይመስላል፤ ጥፋቱ የስያሜው ይመስለኛል እንጂ፣ በአገሪቱ በቅርስነት ከተመዘገቡት ሕንፃዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዚሁ ደረጃ ላይ ናቸው። በሱመርሴት፣ በኖርተን ሴንት ፊሊፕ መንደር የሚገኘው ጆርጅ ኢን የተባለ መጠጥ ቤት ግን፣ የታችኛው ወለሉ በድንጋይ፣ የላይኞቹ ፎቆቹም በእንጨት ማዕቀፍ የተሠሩ የመካከለኛው ዘመን ሕንፃ ሲሆን፣ ጥቂቶች ብቻ የሚያገኙትን አንደኛ ደረጃ ይዟል። ይበልጥ የሚያደናግረው የጥበቃው ወሰን ነው፦ ደረጃው ምንም ይሁን ምን፣ ጥበቃው ብዙዎች እንደሚገምቱት በፊት ለፊት ገጽታው ሳይወሰን፣ በውስጥ ያሉትን የጥንት ምድጃና የጣሪያ ወራጆች ጭምር ይሸፍናል። ስለዚህ የሕንፃውን ታሪካዊ ባሕርይ የሚነካ ለውጥ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ያለ ፈቃድ ማፍረስ ወይም መለወጥ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው ሕግ መሠረት ወንጀል ነው።