በውጤት የሚሰጥ ስኮላርሺፕ ምንድን ነው?

ጎንደር ውስጥ የተፈጥሮ ሳይንስ የሚማር አንድ ጎበዝ ተማሪ ከአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ «በየዓመቱ 20,000 ዶላር ተፈቅዶልሃል» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው፣ ቤተሰቡ ነገሩ ያለቀለት መስሎት ጎረቤት ጠርቶ ቡና ያፈላል። ደብዳቤው ግን ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠውን እንጂ ተማሪው ከኪሱ የሚጨምረውን እምብዛም አያጎላም። ስኮላርሺፕ የሚባለውን ነገር በቅጡ ለመረዳት ደግሞ መታየት ያለበት ይኸው ከኪስ የሚወጣው ገንዘብ ነው።

በውጤት የሚሰጥ ስኮላርሺፕ፣ ብዙዎች «ሜሪት ስኮላርሺፕ» የሚሉት፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ የአመልካቹን ትራንስክሪፕት፣ የፈተና ነጥብ ወይም ልዩ ችሎታ መዝኖ፣ የቤተሰቡን ገቢ ሳይጠይቅ፣ ከክፍያው ላይ የሚቀንስለት ገንዘብ ነው። በችግር መጠን ከሚሰጠው ድጋፍ የሚለየውም በዚህ ነው። የጎንደር ሰው ልዩነቱን ከቤተ ክህነት ትምህርት በቀላሉ ሊገነዘበው ይችላል፤ የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ ሲቆም ቁራሽ የሚሰጠው ተማሪ በመሆኑና በመራቡ እንጂ ቅኔው ከባልንጀራው ቅኔ ስለበለጠ አይደለም። በውጤት የሚሰጠው ስኮላርሺፕ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የባለ ሆቴል ልጅና የገበሬ ልጅ እኩል ነጥብ ካመጡ እኩል ያገኛሉ፤ የቀረውን ማን ይከፍለዋል የሚለውን ማንም አይጠይቅላቸውም።

ብዙዎችን የሚያስገርመው ስማቸው የገነነ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ዓይነት ስኮላርሺፕ አለመስጠታቸው ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኤምአይቲ የሚረዱት በችግር መጠን ብቻ ነው፤ የሚቀበሉት ሁሉ የላቀ ውጤት ያለው ስለሆነ በውጤት ለይተው የሚሸልሙት የለም። በእነዚህ ቦታዎች መግባት እጅግ ከባድ ቢሆንም፣ የገባ ሰው ከቤተሰቡ አቅም በላይ ያለው ይሸፈንለታል። በውጤት የሚሰጠው ገንዘብ በብዛት የሚገኘው የተሻሉ ተማሪዎችን ለመሳብ በሚፎካከሩ፣ ስማቸው እዚህ እምብዛም በማይታወቅ ኮሌጆችና የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ለየትኛው ነጥብ ስንት ዶላር እንደሚሰጡ አስቀድመው በሠንጠረዥ ያስታውቃሉ። ስለዚህ ተማሪው ማመልከት ያለበት ከሌሎቹ አዲስ ተማሪዎች በልጦ በሚታይበት ቦታ ነው። ይህን መናገር በእኛ ዘንድ ክብር የሚቀንስ ይመስላል፤ በእኔ ግምት ግን ስም ለማሳደድ የሚከፈለው ዋጋ ከዚህ የበለጠ ያሳፍራል።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። የአንድ ዩኒቨርሲቲ የዓመት ሙሉ ወጪ፣ ማለትም ትምህርቱ፣ ማደሪያው፣ ምግቡና የጤና መድኑ፣ 48,000 ዶላር ነው እንበል፤ 20,000 ቢሰጥ 28,000 ይቀራል። የሌላው ሙሉ ወጪ 30,000 ሆኖ 12,000 ብቻ ቢሰጥ የሚቀረው 18,000 ነው። ትንሹ ስኮላርሺፕ በአራት ዓመት ውስጥ 40,000 ዶላር አተረፈ ማለት ነው። የሚቀረው ገንዘብ የሚከፈለው ደግሞ በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ብር ምን ያህል እንደወረደ ለጎንደር ነጋዴ ማስረዳት አያሻም። ዩኒቨርሲቲው ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የተባለ ቅጽ የሚልከው ቢያንስ የአንደኛው ዓመት ወጪ መሸፈኑን የሚያሳይ ማስረጃ ሲቀርብለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ስኮላርሺፑ በየዓመቱ የሚታደስበት ሁኔታ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ4.0 ቢያንስ 3.0 አማካይ ውጤት ይጠየቃል። ቁጥሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የሳይንስ ተማሪ አንደኛ ዓመት ላይ ካልኩለስ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስን ከቤተ ሙከራ ጋር በአንድ ላይ ሲወስድ፣ ያውም በአዲስ አገርና በአዲስ አነጋገር፣ ከዚያ በታች መውረድ የሰነፍ ዕጣ ብቻ አይደለም። አንድ ወሰነ ትምህርት ቢበላሽ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል ወይስ ገንዘቡ ወዲያው ይቋረጣል? የሚሰጠው ዶላር ባለበት ሲቆም የትምህርት ክፍያው በየዓመቱ ቢጨምር ልዩነቱ በማን ላይ ይወድቃል? እነዚህን በጽሑፍ ጠይቆ በጽሑፍ መልስ መቀበል ይገባል።

ለሳይንስ ተማሪ ከዋጋው ጎን የሚታይ ሌላም ነገር አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚከፍልበት የክረምት ምርምር ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ የተፈቀደ ነው። ስለዚህ ርካሹ ዩኒቨርሲቲ ለውጭ ተማሪ በራሱ ገንዘብ የምርምር ቦታ የሚሰጥ መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል። በዚያ አገር በሳይንስ ዘርፍ የዶክትሬት ተማሪ ባብዛኛው የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖለት በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት ደመወዝ እያገኘ ይማራል፤ ወደዚያ የሚያስገባው ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ የምርምር ልምድና የመምህራን ምስክርነት ነው። የመጀመሪያውን ዲግሪ በርካሽ መጨረስ ብልህነት የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ሳይንስ ሲባል ሕክምና ማለቱ የሆነ ተማሪ ግን ቆም ብሎ ቢያስብ ይሻለዋል። በአሜሪካ ሕክምና የሚጠናው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው፤ አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶችም የውጭ ዜጋ አይቀበሉም። በ1954 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ከተማ ውስጥ ሐኪም ያስመርቃል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው በወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ድርሻውንም ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከገቢው ይከፍላል። ይህ ስኮላርሺፕ ሳይሆን ዕዳ ነው፤ ሆኖም የሚከፈለው በብር ነው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለስኮላርሺፕ የሚያወዳድሩት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያመለከቱትን ነው፤ ይህም ከ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ብዙ ወራት ይቀድማል። ስለዚህ የሚመዘነው ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ያለው ውጤት ነው፤ ፈተናው ሲደርስ አጥንቼ አካክሰዋለሁ ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። መልስ ከመጣ በኋላ ተማሪው ቁርጡን የሚያሳውቅበት የተለመደው ቀን ሜይ 1፣ በእኛ ሚያዝያ 23 ገደማ ነው፤ እስከዚያው ድረስ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣውን የተሻለ ደብዳቤ አያይዞ ስኮላርሺፑ ከፍ እንዲል በትሕትና መጠየቅ ይቻላል፤ ነውርም የለበትም።