የመራጭነትን ዕድሜ ለመቀነስ አዋጅ ማሻሻል ይበቃል?

በምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ለዕጩዎች የተቀመጠው የ21 ዓመት ዕድሜ በተወካዮች ምክር ቤት ሊቀየር ስለሚችል፣ የመራጭነት ዕድሜም በዚሁ መንገድ ዝቅ የሚል ይመስላል። ይሁን እንጂ 18 ዓመት የሰፈረው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ሲሆን፣ አንቀጹ የሚገኝበት ምዕራፍ 3 የሚሻሻለው በአንቀጽ 105 መሠረት ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ፣ የተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶችም እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያጸድቁት ብቻ ነው፤ አንድ ክልል እምቢ ካለ ነገሩ እዚያው ይቆማል። አንቀጹ ለ18 ዓመት ወጣት መብቱን ያረጋግጣል እንጂ ከዚያ በታች ያሉትን አይከለክልም ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ እኔን ግን አያሳምነኝም። ኦስትሪያም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ዕድሜውን ወደ 16 ያወረደችው ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን 15 ዓመት የሞላው ልጅ ተቀጥሮ መሥራት መቻሉ ለውጡን የሚደግፍ ጠንካራ ሙግት ቢሆንም፣ የማሻሻያውን ሥርዓት አያቀልለውም።