«ተርሚናል አማርኛ አያውቅም» እና ሌሎች የሰለቹኝ አባባሎች

አንድ መሥሪያ ቤት ስካን የተደረጉ ደብዳቤዎቹን ወደ ሊነክስ ሰርቨር (በሊነክስ ስርዓተ ክወና የሚሠራ ማዕከላዊ ኮምፒውተር) እንዳዛውርለት ጠርቶኝ ነበር። ትእዛዝ የሚሰጠው በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ በሚገባበት መስኮት ነው። ከእኔ በፊት የመጣው ባለሙያ ሰርቨሩ ፋይሎችን አልቀበልም ብሎ ሲመልስበት «ተርሚናል አማርኛ አያውቅም፤ የፋይሎቹን ስም በሙሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ቀይሩ» ብሏቸው፣ ሦስት ሠራተኞች ለሳምንታት ስም ሲቀይሩ ከርመዋል። «ፀሐይ»ን አንዷ በቲ ስትጀምር ሌላው በኤስ ጀመረ። እኔ ስደርስ የሚፈልጉትን ደብዳቤ የሚያገኝ ሰው አልነበረም። ይህን አባባል ከሠልጣኞቼም ስሰማው ዓመታት ሆኖኛል፤ ሰው ሥራውን እያበላሸበት ስለሆነ ያናድደኛል።

ሊነክስ በፋይል ስም ውስጥ የሚከለክለው ሁለት ምልክት ብቻ ነው፦ እዝባር (/) እና ዜሮ ባይት (ባይት የኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ ነው)። የአማርኛ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮድ ሠንጠረዥ) ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱን ኮድ ይጠቀም ስለነበር አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላው ላይ አይነበብም ነበር። ፍርሃቱ ከዚያ ዘመን የቀረ ይመስለኛል።

ታዲያ ሰርቨሩ ፋይሎቹን ለምን መለሰ? ሁሉንም አልመለሰም፤ ረጃጅሞቹን ብቻ ነው። ዊንዶውስ ለአንድ ፋይል ስም እስከ 255 ፊደል ይፈቅዳል፤ ሊነክስ ግን የሚቆጥረው 255 ባይት ነው። ዩኒኮድ ወደ ባይት በሚለወጥበት በዩቲኤፍ 8 አሠራር አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ጣሪያው 85 ፊደል ይሆናል። ሠራተኞቹ ደግሞ የደብዳቤውን «ጉዳዩ» እስከ መጨረሻው የፋይል ስም የማድረግ ልማድ ነበራቸው። ስሙን ማሳጠር ይበቃ ነበር!

እውነተኛ ወጥመድ የሚሆነው እዝባሩ ነው። እኛ «ጽ/ቤት»፣ «ወ/ሮ»፣ «ገ/ማርያም» ብለን እንጽፋለን፤ ተርሚናሉ ግን «ወ» የሚባል ፎልደር ውስጥ «ሮ» የሚባል ፋይል እንደፈለጋችሁ ይቆጥረዋል። የደብዳቤ ቁጥርም በእዝባር የተሞላ ነው። በነጥብ ወይም በጭረት ተኩት።

ሁለተኛው ወጥመድ ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ለጆሯችን «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ዝምድና የላቸውም። ስትፈልጉ በማዕዘን ቅንፍ አማራጭ ስጡት፦ ኤልኤስ *[ፀጸ][ሐሀሃኀ]ይ*። ኤልኤስ (ls) የፋይሎችን ዝርዝር የሚያሳይ ትእዛዝ ነው፤ ኮከቧ (*) ደግሞ «ምንም ይሁን ምን» ማለት ናት። ከዚያ በላይ ግን የቢሮው ሰው ሁሉ አንድ አጻጻፍ ላይ ይስማማ።

ስሙ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ ማሽኑ ላይ የአማርኛ ፎንት የለም ማለት ነው፤ በጥያቄ ምልክት ወይም በቁጥር ድርድር ከታየ ደግሞ የቋንቋ ቅንብሩ ዩቲኤፍ 8 አይደለም። በሁለቱም ፋይሉ ደህና ነው፤ ስሙን አትንኩት።

«ክፍት ቦታ ያለው ስም አይከፈትም» የሚሉም አሉ። በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገቡት፣ ይከፈታል። ቃላቱን እንደ ጥንቱ በሁለት ነጥብ (፡) ከለያችሁ ጥቅሱም አያስፈልግም።

«መቶ ትእዛዝ መሸምደድ አለብኝ።» የለባችሁም። ፒደብሊውዲ የት እንዳላችሁ ይነግራል፣ ኤልኤስ ያለውን ያሳያል፣ ሲዲ ፎልደር ይቀይራል፣ ሲፒ ይቀዳል፣ ኤምቪ ያዛውራል ወይም ስም ይቀይራል፣ አርኤም ያጠፋል። ስሙን ጀምራችሁ ታብን ተጫኑ፣ የቀረውን ራሱ ይሞላል።

«በነጥብ የሚጀምር ፋይል የተቆለፈ ነው።» ከዝርዝር ተደብቋል እንጂ አልተቆለፈም፤ ኤልኤስ በጭረት ኤ (-a) ያወጣዋል።

«ያጠፋሁት ሪሳይክል ቢን ውስጥ አለ።» የለም። አርኤም ያጠፋው እዚያ አይሄድም። አንድ ሠልጣኜ ፒዲኤፎቹን ብቻ ሊያጠፋ ፈልጎ *.pdf ብሎ መጻፍ ሲገባው በኮከቧና በነጥቡ መካከል ክፍት ቦታ ጨመረ፤ ፎልደሩ ውስጥ የነበረው ፋይል ሁሉ ሄደ፣ ቅጂም አልነበረውም። ሲፒና ኤምቪም በዚያው ስም ያለ ፋይል ካገኙ ሳይጠይቁ ይጽፉበታል። ሦስቱንም ከጭረት አይ (-i) ጋር ጻፏቸው፣ ያን ጊዜ ይጠይቃሉ። ኮከብ ያለበትን ትእዛዝ ደግሞ ከአርኤም በፊት በኤልኤስ አስኪዱትና የሚወጣውን ዝርዝር አንብቡ።