«ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ» ሲባል፦ ያለ አግባብ ስለ መባረር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ላይ ሰው ከሥራ የሚባረረው ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ።» ሆቴልም፣ ካፌም፣ ቡና የሚለቀምበት መጋዘንም ያው ነው። ከዚያ ዘመድ ጎረቤቱ ይመክራል። ምክሩ ከልብ ነው፤ ግን ብዙው ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጋር አይገጥምም።

«ውል ሳትፈርሚ ምን ይዘሽ ትከራከሪያለሽ?»
ስንቱን ተስፋ አስቆርጦ ያስቀረው ይሄ ነው። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ መስጠት አለበት። ባይሰጥም የሠራተኛዋ መብት አይቀርም። ደመወዝ በባንክ ከገባላት፣ ስሟ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው የሺፍት ወረቀት ላይ ካለ፣ አብረዋት የሠሩት ከመሰከሩ ማስረጃ አላት ማለት ነው።

«ገና ሙከራ ላይ ነሽ»
ሙከራ በጽሑፍ የሚደረግ ስምምነት ነው፤ ከ60 የሥራ ቀንም አያልፍም። ዓመት የሠራች አስተናጋጅን «ሙከራ ላይ ናት» ማለት ግፍ ነው።

«የወር ደመወዝ ከሰጡሽ አለቀ»
አላለቀም። ገንዘቡ ምክንያትን አይተካም። ምክንያቱ በጽሑፍ መገለጽ አለበት፤ እርግዝና፣ ሃይማኖት፣ የማኅበር አባልነት ወይም አቤቱታ ማቅረብ ደግሞ ፈጽሞ ምክንያት አይሆንም። ለማርፈድ እንኳ ሕጉ ልክ አለው፦ ወዲያውኑ ለማሰናበት በጽሑፍ እየተነገራት በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ አርፍዳ መሆን አለበት። ስንብቱ ሕገወጥ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራዋ ይመልሳታል፤ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረች ከሆነች የ180 ቀን ደመወዝ ካሳና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ ያስከፍላል።

«የተባረረ ሁሉ ያለ አግባብ ነው»
ይሄም ልክ አይደለም። ሥራ ቦታ የተደባደበ ወይም ያጭበረበረ ወዲያውኑ ሊሰናበት ይችላል።

«የቤት ሠራተኛም በዚሁ አዋጅ ትከሳለች»
አዋጁ አይሸፍናትም። እኔ ይሄን ትልቅ ክፍተት ነው የምለው።

«በሽማግሌ ይለቅ፣ ፍርድ ቤቱ የትም አይሄድም»
ሽምግልና ጥሩ ነው፤ አሠሪውም እሷም አንድ ሰፈር ነዋሪ ከሆኑ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ግን ቀኑ ይቆጠራል። «ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚል ክስ ከተሰናበተችበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ 6 ወር አለው። ሽማግሌዎቹ «ከበዓሉ በኋላ እንነጋገር» ካሉ፣ ክሷን አስገብታ ትጠብቃቸው። ከታረቁ መዝገቡን ማዘጋት ይቻላል።