የወጣቶች ኦርኬስትራ በጎንደር፦ ከአዝማሪ ደጅ እስከ ምስረታ በዓል መድረክ

ጎንደር ላይ "ኦርኬስትራ" ሲባል ቫዮሊንና ጥቁር ኮት የሚታየው ሰው ብዙ አይደለም። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ አንዳንዴ ኪቦርድና ቤዝ ጊታር፣ ከፊት ደግሞ እስክስታ የሚወርዱ ልጆች፤ ይኸው ነው። እንዲያውም ብዙ ሰው አሁንም የሚለው "ኪነት" ነው። "ልጅቷ ኪነት ገብታለች" ከተባለ ሁሉም ይገባዋል። አባላቱ በአብዛኛው ተማሪዎች ናቸው። ከትምህርት በኋላና ቅዳሜ እሑድ ይለማመዳሉ፣ አሠልጣኛቸውን "ጋሼ" ይላሉ። እንዲህ ያለ ቡድን 10 ወይም 25 ዓመት ሲሞላው የምስረታ በዓሉን የሚያከብረው በኮንሰርት ነው። ስለዚያ ኮንሰርት ለማውራት ግን መጀመሪያ ልጆቹ ሙያውን ከየት እንደሚያመጡት ማየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ምንጭ ቤተ መንግሥቱ ነው። ጎንደርን ከተማ አድርጎ የቆረቆራት አፄ ፋሲል ነው፣ በ1628 ዓ.ም.። ቤተ መንግሥት ባለበት ደግሞ ድምፅ አለ። ንጉሥ ሲንቀሳቀስ ነጋሪት ይጎሰማል፣ መለከት ይነፋል፣ እምቢልታ ይከተላል። እምቢልታን ልብ በሉልኝ። አንዱ እምቢልታ ብቻውን ዜማ አይወጣለትም፤ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ነው። ሦስት ሰው ተራ በተራ እየተቀባበለ ሲነፋ ነው ዜማ የሚሆነው። ኦርኬስትራ ማለት እኮ ይኼ ነው! ቃሉ ከውጭ ይምጣ እንጂ ነገሩ እዚህ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ስለ አገሩ የሙዚቃ መሣሪያዎች የጻፈው ደብዳቤ፣ እንግሊዛዊው ቻርልስ በርኒ በ1776 ማሳተም በጀመረው የሙዚቃ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል።

ሁለተኛው ምንጭ ቤተ ክርስቲያን ነው። የጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን የአቋቋም፣ ማለትም የዝማሬና የሽብሸባ፣ ትምህርት ማዕከል ናት፤ ከየአገሩ የመጡ ደቀ መዛሙርት ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው ስንት ዘመን ተምረውባታል። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እየዘመመ፣ ከበሮው መጀመሪያ ዝግ ብሎ ቀስ እያለ እየፈጠነ ሲሄድ ያየ ልጅ፣ አንድ ላይ መነሳትና አንድ ላይ ማረፍ ምን እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። ጥምቀትን ፋሲለደስ መዋኛ ዳር ቆሞ ያሳለፈ የጎንደር ልጅ ይኼ አይጠፋውም።

ሦስተኛው አዝማሪው ነው። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ቡርቧክስ የአዝማሪዎች መንደር በመሆኗ ትታወቃለች፤ ማሲንቆው እዚያ ከአባት ወደ ልጅ ነው የሚሄደው። ልማዱ ወንዱ ማሲንቆ ሲመታ ሴቷ ስታቀነቅን ነው። ዛሬ በወጣት ቡድኖች ውስጥ ማሲንቆ የያዘች ልጅ ማየት ይቻላል። እኔ በበኩሌ ደስ ከሚሉኝ ለውጦች አንዱ ይኼ ነው። ምክንያቱም "አዝማሪ" የሚለው ቃል ረጅም ጊዜ እንደ ስድብ ሲወረወር ኖሯል። ልጄ ክራር ይዞ እንዳላየው ያለ ወላጅ ጥቂት አይደለም። ዛሬ ያው ወላጅ ኮንሰርት ላይ ፊት ወንበር ይዞ በስልኩ ሲቀርጽ ታገኙታላችሁ።

በአገር ደረጃ የወጣቶች ኦርኬስትራ ታሪክ ሲነሳ አርባ ልጆች ሳይጠሩ አይታለፍም። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሄደው በአርመን ገዳም ያገኟቸው፣ ከአርመኖች እልቂት ተርፈው በገዳሙ የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች ናቸው። የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ ሰምተው ወደዷቸው፣ ገዳሙን አስፈቅደው ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። አብሯቸው የመጣው መምህር ኬቮርክ ናልባንዲያን "ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ" የሚለውን መዝሙር ዜማ የደረሰው ሰው ነው። በ2016 ዓ.ም. እነዚህ ልጆች ከመጡ 100 ዓመት ሞላ። በአገሪቱ የዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያላቸው ልጆች ናቸው፣ ያውም ቤት ያጡ ልጆች። ወጣት ስለሆኑ ገና ናቸው ለሚል ሰው ይኼን ብቻ መንገር ይበቃል።

የባህል መሣሪያዎችን በአንድ መድረክ ሰብስቦ በኦርኬስትራ መልክ ማጫወት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 በተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ጎልቶ ወጣ። የጀመረው ትውልደ ግብፁ የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ ነው፤ በኋላ ተስፋዬ ለማ መራው። ከዚያ በፊት ክራሩም በገናውም ማሲንቆውም በአብዛኛው በየራሱ ቦታ ነበር የሚሰማው።

"ኪነት" የሚለው ስም የቀረልን ግን ከደርግ ዘመን ነው። ያኔ ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር ድረስ የኪነት ቡድን ይቋቋም ነበር። የወሎው ላሊበላ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ በአገር ስማቸው የገነነ ነበር። እርግጥ ብዙው ሥራ የአብዮት ቅስቀሳ ነበር። ግን እነዚያው ቡድኖች የገጠሩን ዘፈን፣ ሽለላውን፣ ፉከራውን፣ የየወረዳውን የእስክስታ ስልት ወደ መድረክ አወጡት። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ያ መዋቅር ፈረሰ፣ አባላቱም በየፊናቸው ተበተኑ። አንዳንዱ አሠልጣኝ ሆነ። የዛሬ ልጆች "ጋሼ" ከሚሏቸው ሰዎች ውስጥ ከዚያ የመጡ አሉ።

አሁን ወደ ልምምዱ። የማያውቅ ሰው ሁሉም መሣሪያ እኩል የሚቃኝ ይመስለዋል። አይደለም። ዋሽንት ከሸምበቆ ተቆርጦ አራት ቀዳዳ ከተበሳ በኋላ ድምፁ ያው ነው፤ አይቃኝም። ስለዚህ ነፊው አንድ ሳይሆን አጭርም ረጅምም፣ ብዙ ዋሽንት በቦርሳ ይዞ ይዞራል። ዘፋኟ ድምፅዋ የሚመቸውን ታሰማለች፣ እሱ ከቦርሳው የሚስማማውን ይመዛል፣ ክራሩና ማሲንቆው ያንን እየሰሙ ይቃኛሉ። ኪቦርድ ካለ ደግሞ ዋሽንቱም ለኪቦርዱ መገዛት አለበት። ማሲንቆ መቺው የደጋኑን ጭራ በሙጫ ያሻል፤ ያለዚያ ጭራው ይንሸራተታል እንጂ አይጮህም። በክረምት ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ይላላል። ከበሮውን ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ፀሐይ ከሌለች እሳት ዳር ማስጠጋት ነው። ክረምት ደግሞ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ዋናው የሥልጠና ጊዜ ነው! ሐምሌ ላይ አንድ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ግማሽ ሰዓቱ የሚያልቀው በማድረቅና በመቃኘት ነው።

ትምህርቱ ከሞላ ጎደል በጆሮ ነው። ጋሼ ይመታል፣ ልጆቹ ይደግማሉ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፤ አራቱ ቅኝቶች በዚሁ መንገድ ጣት ውስጥ ይገባሉ። ሁሉም የሚጫወተው አንዱን ዜማ ነው፣ ግን ማሲንቆው ይስባል፣ ክራሩ ይገርፋል ወይም ይደረድራል፣ ዋሽንቱ ከላይ ያንቀጠቅጣል። ከአንድ ዜማ ያን ያህል ልዩነት የሚወጣው ከዚህ ነው። ችግሩ ምንድን ነው? በኖታ የተቀመጠ ነገር ስለማይኖር፣ አንድ አባል ዩኒቨርሲቲ ደርሶት ሌላ ከተማ ሲሄድ የሚያውቀው ዘፈን አብሮት ይሄዳል። ወጣት ቡድን ደግሞ በየዓመቱ ሰው ይሸኛል።

የምስረታ በዓል ኮንሰርት ትልቅ ነገር የሚሆነው ለዚህ ነው። የቡድኑ መዝገብ የሚገለጠው ያን ቀን ነው። የተበተኑት ከያሉበት ይጠራሉ፣ የድሮ ፎቶ ይሰበሰባል፣ የጠፋ ዘፈን ይፈለጋል። ቀኑን መምረጥም ቀላል አይደለም። በዐቢይ ጾም አይሆንም። ጥር የጥምቀትና የሠርግ ወር ነው፣ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ ተጫዋቾቹ ግን ሠርግ ተይዘው አይገኙም። ብዙ ጊዜ ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ ይሻላል።

አንድ እንዲህ ያለ ኮንሰርት ጎንደር ላይ አይቻለሁ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ያይ ነበር። መሐል ላይ መብራት ጠፋ። ኪቦርዱም ማይኩም ዝም አለ። ልጆቹ ግን አላቆሙም፤ ማሲንቆውና ከበሮው ቀጠሉ፣ ሕዝቡ በጭብጨባ ያዘላቸው። ከዚያ አንድ የድሮ ዘፈን ጀመሩ። የመጀመሪያውን ግጥም ዘፍነው ወደዚያው ተመለሱ፣ ሌላ አያውቁም ነበራ። ከአዳራሹ ኋላ፣ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ቁጭ እንዳሉ ቀጣዩን ስንኝ አነሱ። የቡድኑ የመጀመሪያ ድምፃዊት ነበሩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሦስት ስንኝ ነው የዘፈኑት፤ ማሲንቆ የያዘችው ልጅ ዜማውን በቀስታ እየሳበች አጀበቻቸው።

መብራቱ ሲመጣ ጭብጨባው ገና አላለቀም። ልጅቷ ግን ማሲንቆዋን ወንበሩ ላይ አስተኝታ ወርዳ ነበር። እናትየው አጠገብ በርከክ ብላ፣ የደብተር ቅጠል ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ "እማማ፣ ሁለተኛውን ይድገሙልኝ" እያለች ትጽፋለች።